ለኅዳር ሚካኤል የተሳልነው ስለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን። ስለታችን ሲሰምር እመሰክራለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ስለ ነበር ነው ይህን የምጽፈው።

በ2012 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ ታላቅ ወንድሜ ቢቸና አጠገብ ጤፍ ሲያጭድ ሆዱን ቁርጠት ያዘው። ሁለት ቀን በቤት ቆየ። ባሕር ዳር ስናደርሰው አንጀቱ ተጠምዝዞ ከፊሉ ሞቶ ነበር። የሞተውን ቆርጠው አወጡለት፤ የደም ግፊቱ ስለ ወረደም በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ እየተሰጠው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባ።

በሦስተኛው ቀን ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። የመተንፈሻው ማሽን ይጮኻል፤ የሽንት ከረጢቱ ባዶ ነው። ከዘመዶቻችን አንዳንዶቹ «ቢሞትም አገሩ ይሙት፤ እንውሰደው» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ልቤ ሸፍቶ ነበር።

የሌሊቷ ተረኛ ነርስ ግን ዝም አላለችም። በሽንት ቱቦው 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የጨው ውሃ ወደ ፊኛው አስገባች፤ ከዚያም ቱቦውን ሽቅብ ቀጥ አድርጋ ውሃው የቆመበትን ከፍታ በማስመሪያ ለካች። 34 ሴንቲ ሜትር። ይህ የሆዱ የውስጥ ግፊት ነው፤ በሜርኩሪ ሲሰላ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ እንዲህ ባለ ሕመምተኛ የሚጠበቀው ከ5 እስከ 7 ነው፤ ከ12 ጀምሮ ያሰጋል፤ ከ20 አልፎ ኩላሊት ወይም ሳንባ ከደከመ ግን ሆዱ ሌላውን አካል እያነቀ ነው። የተጎዳው አንጀት ያብጣል፣ የተሰጠው ፈሳሽም ከደም ሥር ሾልኮ እዚያው ይጠራቀማል፤ ኩላሊት ደም ያጥረዋል። በአፍንጫው ቱቦ ጨጓራውን አጠቡለት፣ ማደንዘዣውንም ጨመሩ፤ አልወረደም። «ሆዱን ከፍተን ለጊዜው ሳንሰፋ እንተወዋለን» ሲለኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ፈረምሁ።

ሌሊቱ ለኅዳር 12 አጥቢያ ነበር፤ የቅዱስ ሚካኤል በዓል። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ በግቢው ዛፍ ሥር ተደፋች። «ሚካኤል ሆይ፣ ብዙ አልለምንህም፤ ልጄን ሽንቱን አሸናልኝ፤ ለታቦትህ ጥላ አገባለሁ» ትላለች። አጠገቧ ተንበርክኬ የእርሷን ቃል ብቻ ደገምሁ፤ የራሴ ቃል አልነበረኝም።

ሊነጋጋ ሲል ነርሷ መጣች። «እማማ፣ ሸንቷል» አለች። የተከፈተው ሆዱ በንጹሕ ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ የሆዱ ግፊት ወደ 11 ወርዷል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ሽንት ወጥቷል። እናቴ በዚያ ኮሪደር እልል አለች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም።

«ያዳነው ሐኪሙ ነው» የሚሉኝ አሉ። አዎን፣ እጁን እግዚአብሔር ይባርክ። ያችን ነርስ በዚያች ሰዓት ማስመሪያ ያስነሣት ማን እንደ ሆነ ግን እኔ አውቃለሁ።

ሆዱ ከቀናት በኋላ ተሰፋ። በዓመቱ ኅዳር 12 ጥላውን ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ የተሸከመው ወንድሜ ራሱ ነው።