የመጀመሪያ ቀን ማን ይማራል?

አዲስ አበባ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ትምህርት በተከፈተ ቀን ትምህርት የለም። ግማሹ ተማሪ አይመጣም። የመጣውም ደብተር አይዝም፤ የክረምቱን ወሬ ብቻ ይዞ ነው ከች የሚለው። ቲቸሩ ስም ይጠራል፣ ደንብ ይደረድራል፣ ይወጣል። «የመጀመሪያ ቀን ማን ይማራል?» ይባላል።

እኔ ግን ያን ቀን አስተምራለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ መምህር ነኝ። ልጆቹ ስለ እኔ የሚወስኑት በዚያች ፔሬድ ነው። ለዕረፍት እስኪወጡ ቅጽል ስም ሁሉ ወጥቶልኛል። እንግዲያው ስሙ ከመውጣቱ በፊት አንድ ቁም ነገር ቢያዩ ይሻላል።

ዝግጅቱ ከስም ይጀምራል። የስም ዝርዝሩን ቀደም ብዬ ከዩኒት ሊደሩ እወስዳለሁ። ሁሌ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ጮክ ብዬ እለማመደዋለሁ። አራት ኪሎ ላይ የአገሩ ሁሉ ስም ነው የሚሰበሰበው፤ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ጉራጊኛው፣ ዐረብኛው። ፊደላችን ደግሞ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይነግርም። የከበደኝን ስም ባልደረቦቼን እጠይቃለሁ። የልጅ ስም አበላሽቶ የጠራ መምህር ክፍሉን ያስቃል፤ ልጁ ግን ዓመቱን ሙሉ በዚያው ሲጠራ ይከርማል።

ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እጨብጣቸዋለሁ። መምህር ጨብጦ የማያውቅ ልጅ እጁን መጀመሪያ ሱሪው ላይ ጠረግ ያደርጋል። እጇን ደረቷ ላይ የምታደርግ ካለች እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

«አባትህ ምን ይሠራል?» ብዬ አልጠይቅም። ይህ ጥያቄ ከድሮ ጀምሮ ያለ ነው፤ ለምን እስካሁን እንዳልቀረ አይገባኝም። አባቱ የሌለ አለ፤ እናቱ ጉሊት የምትሸጥ አለ። «አምና ስንተኛ ወጣሽ?» የሚለውም ያው ነው። ሰቃዩን ከመጀመሪያው ቀን ፊት ለፊት ካስቀመጥከው ሌላው እጁን ማንሳት ይተዋል።

ደብተር ስለሌለ፣ ደብተር የማይፈልግ ጥያቄ እመርጣለሁ። በ2018 ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ይህን ነበር፦ «መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ጥምቀት በምን ቀን ይውላል?» ካላንደር ማየት የለም።

መጀመሪያ ግምት ጎረፈ። እሑድ! ረቡዕ! አንዱ በጣቱ መቁጠር ጀመረና ኅዳር ላይ ጠፋበት። ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ ብድግ አለች። «ቲቸር፣ ወሩ 30 ቀን አይደል? አራት ሳምንት ሞልቶ ሁለት ቀን ይተርፋል።» ቾኩን ሰጠኋትና ወደ ጎን ሆንኩ። ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ረቡዕ፣ ጥር 1 ዓርብ። ከዓርብ 10 ቀን ስትቆጥር ጥር 11 ሰኞ ሆነ። «ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ!» ብሎ ክፍሉ ጮኸ። ዕረፍቱ ሦስት ቀን መሆኑ ነው፤ ለሒሳብ እንዲህ ሲጨበጨብ ብዙም አይታይ።

ቀጠልኩ። የሚቀጥለው እንቁጣጣሽስ? ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ 52 ሳምንት ሞልቶ አንድ ይተርፋል። ስለዚህ የ2019 ዓርብ። የ2020ውስ? ሁሉም «ቅዳሜ» አለ። ግድግዳው ጥግ እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላለ ልጅ ነበር። «ቲቸር፣ 2019 ዘመነ ሉቃስ ነው። ጳጉሜ 6 ትሆናለች» አለ። እውነቱን ነው፤ በዓሉ ቅዳሜን ዘሎ እሑድ ላይ ያርፋል። ልጁን በስሙ ጠርቼ ደግመህ አስረዳ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዝም ያለበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሰባት ሰባቱን አውጥቶ የተረፈውን መያዝ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ግን ገምተዋል፣ ተሳስተዋል፣ አርመዋል። ያን ቀን የምናገረው ደንብ አንድ ብቻ ነው፦ በተሳሳተ መልስ የሚስቅ የለም። የሚስቅ ሲገኝ እዚያው ስለምናገር፣ በወረቀት ከተለጠፈው ዝርዝር ይልቅ ይህኛው ይያዛል።

ሆን ብዬ ሁሉንም በአማርኛ አደርገዋለሁ። የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙው ልጅ ከቁጥሩ በፊት ቋንቋውን ይፈራል። ነገ ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲያዩት መልሱን አስቀድመው ያውቁታል።

ፔሬዱ ሊያልቅ ሲል ቁራጭ ወረቀት አድላለሁ። በምን ስም ልጥራችሁ? ከየት ነው የምትመጡት? እኔ ብቻ እንዳውቅ የምትፈልጉት ነገር አለ? ሦስተኛውን ባዶ መተው ይቻላል። አንዷ «ታናሽ ወንድሜን ኬጂ አድርሼ ስለምመጣ አረፍዳለሁ» ብላ ጻፈች። ሌላው ሰሌዳው እንደማይታየው የነገረኝ በዚያች ወረቀት ነው፤ በማግስቱ ወደ ፊት አመጣሁት። ክፍሉ ፊት ጠይቄው ቢሆን ይታየኛል ነበር የሚለኝ።

ከየት እንደሚመጡ መጠየቅ በተለይ ከ2016 ወዲህ ግድ ሆኗል። የፒያሳ ሰፈሮች ለልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዷል። ትምህርት ቤታቸውን ያልለቀቁ ልጆች በጨለማ ተነስተው ነው አውቶቡስ የሚጠብቁት። ይህን ያላወቀ መምህር ያረፈደውን ሁሉ ውጭ ያቆማል።

በማግስቱ የቀሩት ይመጣሉ። «ክላስ ተጀመረ እንዴ?» ይላሉ። ተጀምሯል! ትናንት የነበሩት ሰሌዳ ላይ ወጥተው የጥምቀቱን ነገር ያስረዷቸዋል፤ እኔ ኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጬ ማን እንዴት እንደሚያስረዳ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን የሚቀረው ቁጥር ይቀንሳል።

የሁሉንም ስም ለመያዝ ለራሴ የምሰጠው ጊዜ እስከ መስቀል ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሀያት ከገጠሙኝ ግን እስከ ጥቅምት ይታገሱኛል።