ነጭ ነበረች

«በየትኛው ቀለም ነው ያስመዘገቧት?»

የዶሮ ውድድሩ ዳኛ ስለ ዶሮዬ ይህንን ሲጠይቁኝ ድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ቢኖርበት ኖሮ ተናድጄ፣ ተሳድቤ እረሳው ነበር። እሳቸው ግን ከልባቸው ግራ ገብቷቸው ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁሉም ነገር አምሮልኝ ነበር፤ አምስቱን ጣቶቿን ቆጥረዋል፣ ላባዋን እፍ ብለው ጥቁር ቆዳዋን አይተዋል፣ ጉትዬዋንም ወደውታል።

«ነጭ» አልኩ።

ምንም አልመለሱም። ዶሮዬን ቀስ ብለው አነሱና ከጋዋናቸው እጅጌ ጋር አስጠጓት።

ስለዚያ እጅጌ ሳልናገር አላልፍም። እንደዚያ የነጣ ነገር አይቼ አላውቅም። ወተት አጠገቡ ቢቀመጥ ያፍራል። ከጠዋት ጀምሮ ዶሮ ሲያቅፍ የዋለ ጨርቅ አንዲት ጠብታ ኩስ እንዴት አይነካውም? በምን ቢያጥቡት ነው? ያ እጅጌ ከተሰፋ ጀምሮ በቆሎ ቀምሶ አያውቅም። የእኔዋ ሲልኪ፣ ያቺ ላባዋ እንደ ሐር የሚለሰልስ የዶሮ ዝርያ፣ አጠገቡ ሻይ የፈሰሰባት ትራስ መሰለች።

አዎ፣ በቆሎ ነው። ቢጫ በቆሎ ነጭ ላባን ሊያወይብ እንደሚችል ሲልኪ የሚያረባ ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ግን ጉትዬዋ ዓይኗን ሸፍኖት፣ የጥሬውን ድምፅ ብቻ ተከትላ በርሜል እየገጨች ስትመጣ ማን ይጨክናል? ማታ ማታ አንድ እፍኝ። አንዳንዴ ሁለት።

በዋዜማው ደግሞ በሦስት ሳፋ አጠብኳት፤ በሳሙና፣ ኮምጣጤ ጠብ ባለበት ውኃ፣ ከዚያም በንጹሕ። የሲልኪ ላባ እንደ ሌላ ዶሮ ላባ እርስ በርሱ አይያያዝምና ውኃ እንደ ጥጥ ይመጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በፀጉር ማድረቂያ ስነፋት አመሸሁ። ለካስ ቢጫውን ነው ያጠራሁት!

ተመልካቹም አላዘነልኝም። «ድመት ናት?» ያለኝ ሰው አንድ ብቻ አይደለም። ማርኮ ፖሎ እንኳ በ13ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ድመት ጠጉር ስላላቸው ዶሮዎች ሲያወራ፣ ዶሮ መሆናቸውን አልሳተም። ምንቃር እያያችሁ፣ እባካችሁ!

አሁን በቆሎ ቀርቷል። የወየበው ላባ ረግፎ አዲሱ እስኪበቅል መጠበቅ ብቻ ነው። ትናንት አንገቷ ላይ አንዲት አዲስ ላባ ብቅ ብላ አየሁ። ሮጬ ገባሁና ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ተመለስኩ፤ እጅጌዬንም አስጠጋሁ።

ሸሚዜ ነጭ አይደለም።