ጥጥ የተጠቀለለበት ሽቦ

ሰሞኑን ሐሳቤ (በፈረንጅ አቆጣጠር) የ1890ዎቹ የለንደን ወረዳ የጤና ሹሞች ላይ ነው። ዲፍቴሪያ፣ ማለትም ዘጊ አነዳ፣ ሕፃናቱን ሲጨርስ ብዙዎቹ የሚከሱት የፍሳሽ ቦይን ሽታ ነበር። ቦይን በጭስ መፈተሽ መልካም ሥራ ነው፤ ታይፎይድን ለመከላከል ያግዛል። በልጅ ጉሮሮ ላይ ግን የሚለውጠው ነገር የለም።

የ1889ኙ የተላላፊ በሽታ ማስታወቂያ ሕግ ሐኪሙ በሽታውን እንዳወቀ ለጤና ሹሙ እንዲያስታውቅ አስገደደው። ለአንድ የግል ታካሚ 2 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለው ነበር፤ ዝም ካለ እስከ 40 ሺሊንግ ይቀጣ ነበር። ጭንቁ ያለው ማወቁ ላይ ነው። የለየለትን ማንም አይስተውም፦ ከቶንሲል አልፎ እንጥልና ላንቃ ላይ የተለጠፈ ግራጫ ሽፋን፣ ሲላጥ የሚደማ፣ አንገቱም ያበጠ። በተራ የቶንሲል ሕመም የሚታየው ነጭ ነገር ብዙ ጊዜ በጥጥ ሲጠረግ ይለቃል። ማንቁርት ላይ የጀመረው ግን አፍ ተከፍቶ ሲታይ ምንም የለም፤ ልጁ አየር ሲስብ ብቻ ትንፋሹ ይጮኻል። በሽታው ቀለል ያለበት ልጅ ደግሞ ጉሮሮው ቀላ ብሎ ትምህርት ቤት ይውላል። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

መላው የተገኘው ጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ ሎፍለር በ1884 ባክቴሪያውን ለይቶ ካሳደገ በኋላ ነው። ሽቦ ጫፍ ላይ ጥጥ ይጠቀለላል፣ በመስታወት ቱቦ ተደርጎ በሙቀት ይጸዳል፣ ከዚያ ሽፋኑ ላይ ይታሻል። ልጁ ጀርም በሚገድል መድኃኒት ገና መጉመጥመጡ ከሆነ ምንም አይበቅልም፤ «የለበትም» የሚል የሐሰት መልስ ይመጣል። ናሙናው 3 እጅ የደም ሴረምና 1 እጅ ግሉኮስ የገባበት የሥጋ መረቅ ተቀላቅሎ በረጋበት ላይ ይቀባል፤ በ37 ዲግሪ ያድራል። በሜቲሊን ብሉ ሲቀለም ባክቴሪያዎቹ እንደ ተበተነ ክብሪት ተደራርበው ይታያሉ። አጠር ብሎ ቀለሙን ወጥ አድርጎ የሚይዘው የሆፍማን ባክቴሪያ ነው፤ እሱ ይህን በሽታ አያመጣም፣ ያልለመደ ዓይንን ግን ያታልላል።

መልሱ በማግስቱ ይደርሳል። ከ1894 በኋላ የተስፋፋው የፈረስ ሴረም ግን ማግስትን አይጠብቅም፤ ባክቴሪያው የሚያመነጨውን፣ በደም የሚዘዋወረውን መርዝ ያከሽፋል እንጂ ልብና ነርቭ ውስጥ የገባውን አያወጣም። ስለዚህ ሽፋኑን ያየ ሐኪም ናሙናውን ወስዶ ሴረሙን እዚያው መውጋት አለበት። ሽፋኑ ከጠፋ በኋላም ልጁ ተኝቶ ይቆይ፤ ደህና የመሰለው በሁለተኛው ሳምንት ብድግ ሲል ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል። የጠጣው ወተት በአፍንጫው ከተመለሰ ላንቃው ሽባ ሆኗል ማለት ነው።

በየቤቱ ድኝ ማጨሱ ለጎረቤት የሚታይ ሥራ ነው፤ ባክቴሪያው ግን የእህትየው ጉሮሮ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የለንደን ካውንቲ ካውንስል የጤና ሹም ሸርሊ መርፊ ሐኪሞች የሚያስታውቁት የታማሚ ቁጥር በኦገስት የትምህርት ቤት ዕረፍት እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ትምህርት ቤቱን ሙሉ በሙሉ መዝጋት ግን ልጆቹን መንገድ ላይ ይሰበስባቸዋል። ከታመመው ጋር አንድ ክፍል የተቀመጡትንና የቤቱን ልጆች ጉሮሮ በጥጥ መርምሮ፣ የተገኘበትን ብቻ ተከታታይ ናሙናው ንጹሕ እስኪሆን ማስቀረት ይሻላል።