መዝሙሩን ዝቅ አድርጌ መያዝ ስማር፦ የአንድ ዓመት የአምልኮ መሪነት ማስታወሻ

በቤተ ክርስቲያናችን አምልኮ መምራት የጀመርኩት መስከረም 2017 ላይ ነው። ከዚያ በፊት አምስት ዓመት ኳየር ውስጥ ቴነር ነበርኩ። መዘመር ስለምችል መምራትም የምችል መስሎኝ ነበር። ለካ ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ይሄን የምጽፈው እንደኔ ቅዳሜ ማታ የመዝሙር ዝርዝር ይዘው እንቅልፍ ለሚያጡ ጀማሪዎች ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት መዝሙሮቹን ዘማሪዎቹ በቀረጹበት ኪይ (መዝሙሩ በሚያርፍበት የድምፅ ከፍታ) ነበር የምይዛቸው። ኪቦርዲስታችን "በኦሪጅናሉ ነው?" ይለኛል፤ "አዎ" እለዋለሁ። ድምፄ ከፍ ስለሚል አይከብደኝም። ዓይኔን ጨፍኜ እዘምራለሁ። አዳራሹ በዝማሬ የተሞላ ይመስለኛል። የምሰማው ግን ከፊቴ ካለው ሞኒተር፣ ወደ እኔ ከዞረው ስፒከር፣ የሚመለሰውን የራሴን ድምፅ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ እሑድ ከፕሮግራም በኋላ፣ ሁሌ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡ አንዲት እናት በር ላይ ጠበቁኝ። እጄን ያዙኝና "ልጄ፣ ጌታ ይባርክህ። ግን መዝሙሩን ወደ ሰማይ ይዘኸው ትሄዳለህ፤ እኛ እዚሁ እንቀራለን" አሉኝ። በፍቅር ነው የነገሩኝ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ስልኬን መቅጃ ላይ አድርጌ የመጨረሻው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ማታ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። ስንኙ ላይ የሕዝቡ ድምፅ ጥሩ ነው። አዝማቹ ከፍ ሲል ግን ወንዶቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። ከሴቶቹም ጥቂት ቀጫጭን ድምፆች ብቻ ይቀራሉ። ከዚያ የምሰማው እኔንና አጃቢ ዘማሪዎቹን ነው። ሕዝቡ ቆሞ እኔን ሲያዳምጥ ነበር ማለት ነው። በጣም አዘንኩ። አምልኮው የእነሱ እንጂ የእኔ ኮንሰርት አልነበረም።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ከኪቦርዲስቱ ጋር ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት ተቀምጠን በየጊዜው የምንዘምራቸውን መዝሙሮች አንድ በአንድ አየናቸው። የእያንዳንዱን ዝቅተኛና ከፍተኛ ድምፅ ደብተር ላይ ጻፍን። የያዝነው ልክ ቀላል ነው፦ ከፍተኛው ድምፅ ከላይኛው ዲ አይለፍ፤ ለአጭር ጊዜ ከሆነ ኢ ይነካ። (ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ የድምፆች ስሞች ናቸው፤ ሻርፕ ሲባል ግማሽ ድምፅ ከፍ፣ ፍላት ሲባል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት ነው።) ለምሳሌ በኤ የምይዘው አንድ መዝሙር አዝማቹ ላይ ኤፍ ሻርፕ ይደርስ ነበር። በኤፍ ስንይዘው ያው ቦታ ዲ ላይ አረፈ። አራት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የወረደው። ለሕዝቡ ግን በመዘመርና ዝም በማለት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

በጣም ማውረድም ጉዳት አለው። አንዱን መዝሙር አብዝተን አውርደነው ስንኙ መሬት ገባ። ማንም አልሰማውም፤ ደስታውም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፍ እዩ።

ስለ ትራንስፖዝ፣ የጣቱ አያያዝ ሳይለወጥ የኪቦርዱን ድምፅ ወደ ሌላ ኪይ ስለሚያዛውረው ቁልፍ፣ አንድ ነገር ልበል፤ እኛን ስላስቸገረን። ኪቦርዲስቱ ጣቱ የለመደውን ሲ እየተጫወተ በትራንስፖዝ ወደ ኤፍ ይወስደዋል። ቤዝ ጊታር ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም። አንድ ቀን ኪቦርዲስቱ "ሲ ነው" አለ፤ ቤዚስቱም የእውነት ሲ ያዘ። መዝሙሩ በሁለት ኪይ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ የምንጠራው ከስፒከሩ የሚወጣውን ድምፅ ብቻ ነው። ጣቱ የትም ይሁን፣ ከስፒከሩ የሚሰማው ኤፍ ከሆነ ስሙ ኤፍ ነው።

ዓመቱን ሙሉ በጣም ያስደሰተኝ ግኝት ስለ ቅኝት፣ ዜማው ስለሚሄድባቸው አምስት ድምፆች አደራደር፣ ነው። ከአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው ስንሻገር ሁሌ ክፍተት ይፈጠር ነበር። ኪቦርዲስቱ ኪይ ይፈልጋል፤ እኔ ዝምታውን በወሬ እሞላለሁ። የካቲት ላይ አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ቁጭ አድርጎ አሳየኝ። ከሲ የሚነሳው ማይነር ትዝታ የሚባለው ቅኝት አምስት ድምፆች አሉት፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አሁን እነዚያኑ አምስት ድምፆች ከጂ ጀምራችሁ ቁጠሯቸው፦ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት። አምባሰል የሚባለው ሌላው ቅኝት ሆነ! ድምፆቹ አልተቀየሩም፤ የተቀየረው ማረፊያው፣ ዜማው ቤቱ የሚያደርገው ድምፅ፣ ብቻ ነው። ስለዚህ በሲ ማይነር ትዝታ ከሄደ መዝሙር በጂ አምባሰል ወደሚሄድ መዝሙር ሳታቋርጡ መግባት ትችላላችሁ። ኪቦርዲስቱ ጂን ይዞ ይቆያል፤ የሕዝቡ ጆሮ ቀስ ብሎ አዲሱ ቤት ይገባል። መጀመሪያ በልምምድ ላይ ስንሞክረው ሁላችንም ተያየን። አንዷ ዘማሪ እልልታዋን አቀለጠችው።

አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን አሁንም ይከብደኛል። ድምፆቹ የሚቀራረቡበት ቦታ ስላለ ጉባኤው ሳይታወቀው ከቅኝቱ ይወጣል። በአንቺሆዬ የሚሄድ መዝሙር ስናስተምር አንድ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ዋሽንት ወይም ማሲንቆ፣ ዜማውን አብሮ እንዲጫወት እናደርጋለን። ኮርድ፣ አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ብቻ ከሆነ ሰው የሚይዘው ነገር ያጣል።

ቺክቺካውም፣ ሰው የሚያሸበሽብበት ምት፣ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ሰው ማሸብሸብ ሲጀምር ድራመሩ ይፈጥናል፤ እኔም እፈጥናለሁ። ስልክ ላይ በጫንነው ሜትሮኖም መለማመድ ከጀመርን ወዲህ ተሻሽለናል።

ሌላው የተማርኩት ዝም ማለት ነው። በየመዝሙሩ መሃል ትንሽ ስብከት እሰብክ ነበር። አንድ ሽማግሌ "ሰባኪው ከኋላህ ተቀምጧል፤ አንተ እንዘምር በለን" አሉኝ። አሁን አንድ ጥቅስ አነባለሁ፤ ወይም የሚቀጥለውን ስንኝ መጀመሪያ እናገራለሁ። በቃ።

"ልምምድ ስታበዙ መንፈሱን አታጠፉም ወይ?" የሚሉን አሉ። 1ኛ ዜና መዋዕል 25ን አንብቡት። ዳዊት ለዝማሬ የለያቸው፣ የተማሩና ብልሃተኞች የነበሩት 288 ናቸው። ቁጥራቸው ተጽፏል፤ መማራቸውም ተጽፏል። እኔ ቅዳሜ የምለማመደው እሑድ ስለ ኮርድ ሳላስብ ሕዝቡን ቀና ብዬ ለማየት ነው።

ወደዚያች እናት ልመለስ። ግንቦት ላይ ቡና ጠርተውኝ ቤታቸው ሄድኩ። መዝሙር የት እንደተማሩ ጠየቅኳቸው። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ በየቤቱ ከሚሰበሰቡት ጋር ነበሩ። ኪቦርድ የለም፣ ጊታር የለም። ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንዳንዴ በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። መዝሙሩን ማንም አይመራውም፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ሲኒውን እያቀበሉኝ አንዱን መዝሙር በዚያው ድምፅ ዘመሩልኝ። እኔ በኤ ስይዘው የነበረው መዝሙር ነው።

ሐምሌ ላይ፣ ገና ሁለተኛው መዝሙር ላይ እያለን፣ ከባድ ዝናብ መጣ። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ሞኒተሩ አልሰማ አለኝ፤ ኪቦርዱም ጠፋብኝ። ማይኩን ከአፌ አራቅኩትና ቆምኩ። መዝሙሩ አልቆመም። ከዝናቡ ጋር እየተጋፋ፣ በኤፍ፣ ከአዳራሹ ወደ መድረኩ መጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እየመለሱ አዝማቹን ይዘምራሉ። እኔም ከእነሱ ተቀብዬ ቀጠልኩ።