አራት ወር ሙሉ ቁስሌን እንጂ ስኳሬን ያየ አልነበረም

ደሴ ሰኞ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመኪናውን ፔዳል የምረግጠው በቀኝ እግሬ ነው። አንድ ቀን ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ከአውራ ጣቴ ሥር ደም አየሁ። የስፌት ስፒል ገብታ እዚያው ተሰክታለች። ቀኑን ሙሉ ስረግጥባት ውዬ ምንም አልተሰማኝም። "ተመስገን፣ እንኳን አላመመኝ" አልኩ። ዋናው በሽታ አለማመሙ እንደነበር ማን ይንገረኝ።

የቴታነስ መርፌ ተወጋሁ፣ ታጠበ፣ ታሸገ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። በየሁለት ቀኑ ቁስል ለማሳጠብ እሄዳለሁ። የሚያጥበው ልጅ አረፋ የሚያወጣውን መድኃኒት ያፈስበታል፣ በጎዝ ይፈትገዋል፣ ቀይ ሥጋው ይደማል። "ደሙ ጥሩ ነው፣ ቤት ስትገባ ክፈተውና ይናፍስ" ይለኛል። እኔም ቤት ገብቼ የአሞክሳሲሊን እንክብል ፈልቅቄ ዱቄቱን እነሰንስበታለሁ፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እናቴ "ሽታ መቶት ነው" ብላ ሽንኩርት ሲቁላላ ከቤት ታስወጣኛለች። ሦስት ጊዜ ኪኒን ተቀየረልኝ። የአረፋ በዓል ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ፔዳሉንም አላቆምኩም። ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት እነሳለሁ፤ እሱን የደሴ ብርድ ነው ብዬ ተውኩት። በአራት ወር ውስጥ ጣቴን ወግቶ አንዲት ጠብታ ደም ያየ ሰው የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል። እኔም አልጠየቅኩም፣ እሱ ደግሞ የባሰ ያንገበግበኛል።

በመጨረሻ አጎቴ በግድ ይዞኝ ኮምቦልቻ ወረድን። እዚያ ያገኘኋት ሲስተር ፋሻውን ሳትፈታ በፊት ስኳሬን ለካች። 342፣ በጣም ከፍ ያለ። ቀጥላ እንደ እኔ የናይሎን ክር ያለ ነገር ውስጥ እግሬን እየነካች "ይሰማሃል?" አለችኝ። አልተሰማኝም። "አብሽር፣ እግርህ አለ" አለችኝ። አለቀስኩ።

እንዲህ ነው ያስረዳችኝ። ሰው ሲቆስል መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ከዚያ ነጭ የደም ሴሎች መጥተው ቆሻሻውንና ጀርሙን ያጸዳሉ፤ መቅላቱም ማበጡም የዚያ ነው፣ ብግነት የሚሉት። ይህ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። እነሱ ሲወጡ አዲስ ሥጋ ይሞላል፣ ቆዳውም ከዳር ወደ መሀል ይገጥማል። የእኔ እዚያው ብግነቱ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ስኳሩ ሴሎቹን አዳክሟል፣ የእግሬን ስሜት ገድሏል፣ ፔዳሉ በየቀኑ መልሶ ያቆስለኛል። ለማጽዳት የመጡት ሴሎች ሳይወጡ ሲቆዩ ደግሞ የሚያመነጩት ነገር አዲሱን ሥጋ ይበላዋል። አረፋውም ጀርሙን ብቻ ሳይሆን ለጋውን ሥጋ አብሮ ይጎዳል።

ኢንሱሊን ጀመርኩ። በዳሩ የደደረውን ቆዳ በምላጭ ቆርጣ አነሳችው። በንጹሕ ሳላይን (የሕክምና የጨው ውሃ) ብቻ እየታጠበ፣ እርጥበቱን እንዲይዝ ይሸፈን ነበር። መርገጥ ክልክል ሆነ። እኔን ያዳነኝ ከመድኃኒቱ እኩል ይሄኛው ነው፣ ግን ቤት ኪራይ ላለበት ሰው እግር ማሳረፍ ከመርፌውም ይከብዳል። ወንድሜ መኪናው ላይ ተቀመጠልኝ።

ስለዚህ "ቁስል ይናፍስ" የሚለኝን፣ ነጭ ጋውን ቢለብስም፣ ከእንግዲህ አልሰማም። የእግር ቁስል በ4 ሳምንት ቢያንስ በግማሽ ካልጠበበ ቅባት መቀየሩን ትታችሁ ምክንያቱን አስፈልጉ። ስኳር ለኩልኝ በሉ። እምቢ ካሉ ከፍላችሁም ቢሆን ተለኩ።

የእኔ በ9ኛው ሳምንት ገጠመ። ሲስተሯ ጠባሳ ከድሮው ቆዳ ጥንካሬ ከ80 በመቶ እንደማያልፍ ነግራኛለች። ማታ ማታ ውስጥ እግሬን በመስታወት አያለሁ። ፔዳሉን አሁን በግራ ነው የምረግጠው።