እህል አልወርድ ሲልና ስጾም

ወንድሜ ሆስፒታል የገባ ሰሞን ጾም አልያዝኩም ነበር። እህል አልወርድ ብሎኝ እንጂ። የጎረስኩት አፌ ውስጥ ይንከራተታል፣ አይዋጥም። ከሩቅ ለሚያየኝ ግን የምጾም እመስላለሁ። አንዲት ዘመዳችን እንዲያውም "ጾምሽን ይቀበልልሽ" አለችኝ። አሜን አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ጭንቀት ሲመጣ የምግብ ፍላጎት በራሱ ይጠፋል። ማንም አላማከረኝም፣ እኔም አልወሰንኩም። ጾም ደግሞ ርቦኝ፣ ምግቡ ፊቴ ቀርቦ፣ "አሁን ይቆየኝ" የምለው ነው። ሰሞኑን ይህን ሳመላልስ ነው የከረምኩት። ታማሚ የሚጠብቅ ሰው መቼም ለማሰብ ጊዜ አይቸግረውም።

የሳሙኤል እናት ሐና ትዝ ትለኛለች። ልጅ አጥታለች፣ ጣውንቷ ፍናና ታበሽቃታለች፣ ታለቅሳለች፣ እህል አትቀምስም። ባሏ ሕልቃና ቢጨንቀው "እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልሽምን?" አላት። (ደግ ሰው ነው። ግን በዚያ ሰዓት የሚባል አልነበረም።) የሐና አለመብላት እዚህ ድረስ ምሬት ብቻ ነው። ከዚያ ተነስታ ሴሎ ባለው የእግዚአብሔር ቤት የልቧን አፈሰሰች። ካህኑ ዔሊ መጀመሪያ ሰክራለች ብሎ ተቆጣት፣ ኋላ ሲገባው በሰላም ሂጂ ብሎ ባረካት። ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ፈታ አለ። በዚያን ሰዓት ገና አላረገዘችም። ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም።

እኔም ይህን ምዕራፍ አንብቤ ነው ቆርጬ ጾም የያዝኩት። አለመብላቴ ካልቀረ ለማን እንደሆነ ይታወቅ ብዬ። እስከ ከሰዓት በኋላ እቆያለሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። እውነቱን ለመናገር ከሁለቱ የከበደኝ መብላቱ ነው። ጾም ስፈታ በወጉ መብላት አለብኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀምሼ መተው የለም። በማግስቱ የሚያስታምም ጉልበት ያስፈልጋላ።

ርሃብ ሰዓት ያውቃል። በለመድነው የምግብ ሰዓት መጥቶ ይሞረሙራል፣ ትንሽ ከታገሡት ደግሞ ይተዋል። ሐኪሞች ግሬሊን የሚሉት ሆርሞን አለ፤ በለመድነው ሰዓት ከፍ ይልና ሆዳችንን ይቀሰቅሰዋል። የኔ የሚቀሰቀሰው የታማሚዎች ምሳ በጋሪ ተጭኖ በኮሪደሩ ሲያልፍ ነው። የጋሪው አንዱ ጎማ ሲጥ ሲጥ ይላል። ሽታው ከጋሪው ቀድሞ ይደርሳል። ያን ጊዜ ሆዴ ይጮሃል፣ እኔም የወንድሜን ስም እጠራለሁ። ረጅም ጸሎት የለኝም። ድሮ ስጸልይ ቃል አያጥረኝም ነበር። አሁን "ጌታ ሆይ ማረው" እላለሁ፣ ከዚያ ዝም። የቀረውን ሆዴ ይጸልየዋል ብል ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። የሚሰማኝ ግን እንደዚያ ነው።

ለዚህ ነው የኢዮሣፍጥን ታሪክ የምወደው። በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 20 ላይ ሞዓብና አሞን ብዙ ጦር ይዘው መጡበት። ንጉሡ ፈራ ይላል መጽሐፉ፣ ሳይሸፋፍን። ፈርቶም በይሁዳ ሁሉ ጾም አወጀ። ሕዝቡ ሚስቶቻቸውንና ሕፃናቶቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ንጉሡ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጸሎቱን ሲጨርስ "የምናደርገውን አናውቅም፣ ዓይኖቻችን ግን ወደ አንተ ናቸው" አለ። አንድ መሪ በአደባባይ መላው ጠፍቶኛል ሲል አስቡት። ሰው ሲቸግረው የሚይዘው ጾም ለኔ ይሄ ነው። መላ ማጣትን በአፍ ብቻ ሳይሆን በሆድም ጭምር ማመን።

የማይመቸኝ ሌላው ዓይነት ነው። "ጾመሽ ያዥው፣ እሺ ሳይልሽ አትልቀቂው" የሚሉኝ አሉ። ለኔ አዝነው ነው፣ አልቀየምም። ግን ጾም እግዚአብሔር እጁ ላይ የሚቀመጥ ቀብድ ከሆነ፣ ወንድሜ ባይድንስ? ያኔ ከማን ጋር ልካሰስ? በቂ አልጾምሽም ሊሉኝ ነው?

እዚህ ላይ ዳዊት ይመጣል፤ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12። ልጁ ታመመበት። መሬት ላይ ተኝቶ ጾመ፣ ለመነ። ሽማግሌዎቹ ሊያነሱት ቢሞክሩ እምቢ አለ። በሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ሞተ። አገልጋዮቹ ሊነግሩት ፈርተው ሲንሾካሾኩ አያቸውና ገባው። ተነሣ፣ ታጠበ፣ ተቀባ፣ ልብሱን ቀየረ፣ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ምግብ አስመጣና በላ። ሰዎቹ ግራ ገባቸው፤ ልጁ በሕይወት ሳለ ጾመህ አለቀስክ፣ ሲሞት በላህ፣ ምንድነው ነገሩ? መልሱ ቀላል ነው። ማን ያውቃል፣ ይምረኝ ይሆናል ብዬ ነው አለ።

ማን ያውቃል ብሎ ነው የጾመው። ውል የለ፣ ዋስትና የለ። ይህን ምዕራፍ ማንበብ እፈራለሁ፣ ግማሹ ላይ ስደርስ መጽሐፍ ቅዱሱን አጥፌ አስቀምጣለሁ። ሆኖም ስለ ጾም ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ታሪክ አላገኘሁም። የተከለከለ ሰው ሄዶ ሲሰግድ ያሳየኛል።

ሌሎች ትናንሽ ነገሮችም አሉ። ስራብ ቱግ ባይ ነኝ። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ለጠብና ለክርክር ትጾማላችሁ ሲል እኔን በስም የጠራኝ ይመስለኛል። ስልኬንም አስጹሜዋለሁ። ሌሊት ሌሊት የበሽታውን ስም ጎግል ላይ እየጻፍኩ የማነበው ነገር ነበር፤ ያም መመገብ ነው፣ ለዚያውም ፍርሃት።

ጭንቀት ደግሞ ሰውን ጠባብ ያደርጋል። ከራስ ሕመምተኛ በቀር ሌላ አይታይም። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አርስጢደስ የሚባል የአቴና ክርስቲያን ለሮም ንጉሠ ነገሥት ስለ ክርስቲያኖች ጽፎ ነበር። ከመካከላቸው የተቸገረ ሰው ሲኖርና ትርፍ ምግብ ሲያጡ፣ ሁለት ሦስት ቀን ጾመው ለእሱ የሚሆነውን ያዘጋጃሉ ይላል። ከተረፋቸው አይደለም የሚሰጡት፣ ከራሳቸው ድርሻ ነው።

ከወንድሜ አጠገብ ያሉትን አባት የሚያስታምም ወጣት አለ። ወንበር ላይ ነው የሚያድረው። ምግብ የሚያመጣለት ሰው አላየሁም። ከቤት የሚላክልኝን ምሳ ለሱ መስጠት ጀመርኩ። ምግቡ የማይጥመኝ ይመስለዋል፤ "እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው የማትበዪው? በጣም ይጣፍጣል እኮ" ይለኛል። እንደመሰለው ይሁን ብዬ ተውኩት። ስትጾም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህን ታጠብ የተባለው ለሰው እንዳይታይ አይደል? እንዳይታወቅብኝ ሰበብ ስፈልግ ነበር፣ እሱ ራሱ አመጣልኝ።

የቀረው ፈተና እናቴ ናት። ስኳር አለባት፣ በቀን መርፌ ትወጋለች። መርፌ ተወግታ ካልበላች ስኳሯ ወርዶ ራሷን ልትስት ትችላለች። እሷ ግን "ልጄ እንዲህ ሆኖ እኔ ልብላ?" ብላ ድርቅ አለች። ሐኪሙም ተናገራት፣ የነፍስ አባቷም ተናገሯት። አልሆነም።

"እማዬ፣ ጳውሎስ እኮ በማዕበሉ መርከብ ላይ ብሉ ነው ያለው" አልኳት። በዐሥራ አራተኛው ቀን፣ 276 ሰው ተጭኖ፣ ሁሉም በፍርሃት ምግብ ትቶ ሳለ፣ እንጀራ ይዞ አመስግኖ በፊታቸው በላ።

"እሱ ለመርከበኞች ነው" አለችኝ።

"ኤልያስስ? ልሙት ብሎ ከዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ መጥቶ ጹም አላለውም። መንገዱ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ ነው ያለው።"

ዝም አለች። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

"እሱማ መልአክ ጋግሮለት! ለእኔ ማን ይጋግርልኛል?"

"እኔ!"

ሳቀች። ወንድሜ ከተኛ ጀምሮ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማማን። እሷ በሰዓቷ ትበላለች፣ የሷን ጾም እኔ እጾምላታለሁ። እንዲህ ዓይነት ውክልና ይኑር አይኑር አላውቅም፤ እሷን አሳምኗታል፣ ለኔ ይበቃኛል።

ነገ ከሰዓት በኋላ የምርመራው ውጤት ይነገረናል። እማዬ ቁርስና ምሳዋን በልታ ትመጣለች። እኔ ከሐኪሙ ክፍል እስክንወጣ እጾማለሁ። ስንወጣ፣ ያለው ምንም ይሁን፣ አብረን እንበላለን ብለናል።