የራስን ቢራ ሌላ ሰው ሲቀምሰው

ሐሙስ ማታ

የቢራ ጠማቂዎች ክበባችን የመጪዎቹን ወራት መርሐ ግብር ዛሬ አጸደቀ። ከስብሰባው የወጣነው አምሽተን ነው፤ ቢሆንም ሐሳቡ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የቢራን ጉድለት በአፍንጫና በምላስ የምንለማመድበት ምሽት አለ። ከዚያ በፈረንጆቹ ሜይ የመጀመሪያ ቅዳሜ የጋራ ጠመቃ፣ ቀጥሎ አንዱን ጥንስስ ለአራት ከፍለን በአራት ዓይነት እርሾ የምንሞክርበት ቀን፣ በመጨረሻም የአባላት ውድድር።

ቢራ ቤት ውስጥ ለመጥመቅ ክበብ የግድ አይደለም። ብቅል፣ ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ)፣ እርሾና ውሃ ያለው ሰው በአንድ ትልቅ ድስትና ክዳኑ በሚገጥም ባልዲ ብቻውን ይጠምቃል፤ አሠራሩም ተጽፎ ያለቀ ነገር ነው። ብቻውን የማይችለው የራሱን ቢራ እንደ እንግዳ መቅመስን ነው። ምላስ ይለምዳል። ስንት ሳምንት የተደከመበትን ነገር ደግሞ ልብ አስቀድሞ ይወደዋል። በየወሩ ጠርሙሴን ታቅፌ ወደዚያ ክፍል የምሄደው ቢራዬን ያልደከመበት ሰው እንዲቀምስልኝ ነው። ዛሬ የተወሰኑትን ነገሮች ሁሉ የመዘንኩትም በዚሁ ነው፤ የትኛው የሌላውን ሰው ምላስ ያቀርብልኛል በሚለው።

የጉድለት ምሽቱን ከሁሉም አስበልጬ የምጠብቀው ለዚህ ነው። ጣዕሙ ስስ የሆነ ነጣ ያለ ላገር፣ ማለትም በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ የሚብላላ ቢራ፣ ይቀርባል። አንዱ ማንቆርቆሪያ እንዳለ ይተዋል፤ በሌሎቹ ላይ በጥንቃቄ የተለካ የጣዕም ንጥረ ነገር ይጨመራል። ከንጹሁ ወደ ተበከለው፣ ከተበከለው ወደ ንጹሁ እየተመላለሱ የተሰማቸውን በቃል መናገር ነው። ቅቤ ቅቤ የሚለው ዳይአሲታይል ይባላል። ጥሬ አረንጓዴ ፖም የሚሸተው አሲታልዲሃይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ጊዜው ሳይደርስ በተጠጣ ቢራ ውስጥ ነው። የተቀቀለ በቆሎ የሚሸተው ዲኤምኤስ ከነጣ ብቅል ይመጣል፤ የብቅሉ ጭማቂ ድስቱ ተከድኖ ሲፈላ መውጫ ያጣና እዚያው ይቀራል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ ከተብላላ በኋላ አየር ያገኘው ነው።

የዳይአሲታይል ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። እርሾው ሥራ ላይ እያለ ከውስጡ የሚያስወጣው ነገር ነው ቆይቶ ወደዚያ ቅቤያማ ሽታ የሚለወጠው። ጊዜና መጠነኛ ሙቀት ካገኘ ግን ያው እርሾ መልሶ ይበላዋል። ንጽሕና ጎድሎ ባክቴሪያ የሚያመጣው ጊዜ ቢኖርም፣ ቅቤ የሚሸት ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ጠማቂው የተቻኮለበት ቢራ ነው። ከአባሎቻችን አንዱ ይህን ሽታ ጭራሽ አይለየውም፤ በተፈጥሮ እንዲህ የሆኑ ሰዎች አሉ። ሰውየው ግን ግሩም ጠማቂ ነው። ከማሸጉ በፊት ትንሽ ናሙና በብርጭቆ ይዞ ይመጣና አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ያስሸትታል። «አለ?» ይላል። «የለም» ካሉት ያሽጋል። እስካሁን ካየኋቸው የክበባችን ሥራዎች ሁሉ ይህችን አጭር ጥያቄና መልስ እወዳታለሁ።

ለዚያ ምሽት አንድ ሐሳብ አቅርቤ ተቀባይነት አግኝቷል። ከአንድ ካርቶን የወጡ፣ ጠርሙሳቸው ብርሃን የሚያሳልፍ ሁለት ቢራዎች እናዘጋጃለን። አንዱ ጨለማ ውስጥ ይቆያል፤ ሌላው አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ከሆፕስ የመጣው መራራ ንጥረ ነገር ብርሃን ሲያርፍበት ይሰባበርና አፍንጫ የሚሰነፍጥ መጥፎ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ የተለመደው ብርሃኑን ስለሚከላከል ነው። ይህንን በጆሮ መስማት ሌላ፣ ሁለቱን ብርጭቆዎች በየተራ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት ሌላ። ለአዲስ አባል ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት አላውቅም፤ ምንም የጣዕም ንጥረ ነገር መግዛትም አይጠይቅም።

የዛሬው ቅምሻ ራሱ ጥሩ ነበር። የክበቡ አንጋፋ፣ ሁላችንም የምንፈራቸውና የምንወዳቸው አዛውንት፣ አንድ ወጣት ያመጣውን ቀላ ያለ ኤል፣ ማለትም ከላገር ሞቅ ባለ ቦታ የሚብላላ ቢራ፣ ተቀበሉ። ወዲያው አልጠጡም። ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከድነው ቀስ አድርገው አዞሩት፤ እጃቸውን አነሱና አንድ ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም አሸተቱ። ከዚያ ብቻ ነው ትንሽ የተጎነጩት፣ ዓይናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተክለው። «ልጄ፣ ብቅሉን በደንብ መርጠኸዋል» አሉት። «ግን ገና ነው። ሁለት ሳምንት ሳትነካው ተወውና መልሰህ አምጣልኝ።» ወጣቱ ቅር አላለውም፤ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ። ቢራውን እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ደህና ነው ብዬም ነበር። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ስቀምሰው የፖም ሽታው ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ለመቅመሻ የምንጠቀምበት ቅጽ በዓለም ላይ ያሉ የቤት ጠመቃ ውድድሮች ብዙዎቹ የሚከተሉት የቢጄሲፒ ቅጽ ነው። ይህ በ1985 የተመሠረተ ዳኞችን የሚያሠለጥንና የሚመዝን ድርጅት ነው። ከ50 ነጥብ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላይ ግምት 10 ይሰጣል። መልክ ሦስት ብቻ! ጥርት ብሎ የሚያበራ ቢራ ዓይንን ይማርካል፤ ቅጹ ግን ለዓይን ብዙ አይከፍልም፣ ይህም ትክክል ነው እላለሁ።

ሜይ ላይ ወዳለው ቅዳሜ ልሂድ። ያ ቀን በብዙ አገር ያሉ ክበቦች በአንድ ላይ የሚጠምቁበት ነው፤ ሐሳቡ የመጣው ከአሜሪካ የቤት ጠማቂዎች ማኅበር ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጠጥ ክልከላው በ1933 ሲነሳ ቤት ውስጥ ወይን መሥራት ተፈቅዶ ቢራ ተረስቶ ቀረ። አንድ ሰው በገዛ ማድ ቤቱ ቢራ ቢጠምቅ በፌዴራል ሕግ ጥፋተኛ ነበር። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈቃዱን ሕግ የፈረሙት በኦክቶበር 1978 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በተከታዩ ዓመት በፌብሩዋሪ። ለአንድ አዋቂ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ላለበት ቤት 200 ጋሎን፤ ይህ 378 እና 757 ሊትር አካባቢ ማለት ነው። ማኅበሩም በዚያው በ1978 በኮሎራዶ ቦልደር ከተማ ተመሠረተ። ክልሎቹ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው አላባማና ሚሲሲፒ እስከ 2013 ድረስ አልፈቀዱም ነበር። እንግሊዝ ደግሞ የፈቃድ ወረቀት ግዴታውን ያነሳችው በ1963 ነው። በዚያ ቅዳሜ ድስት ስንጥድ ይህን ለአዲሶቹ ልንነግራቸው ተስማምተናል፤ ጎረቤት ጠርቶ በግልጽ መጥመቅ ለሌሎች ትውልዶች የማይታሰብ ነገር እንደነበር ማወቅ አለባቸው።

በዕለቱ እያንዳንዱ አዲስ ሰው ሥራ ይሰጠዋል፤ ቆሞ ማየት የለም። አንዱ ብቅል ይመዝናል፣ አንዱ ይፈጫል፣ አንዱ ሙቀት መለኪያውን ይዞ ይቆማል። የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ ተበጥብጦ 66 ዲግሪ ገደማ ላይ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ሙቀቱ ወደ 63 ዝቅ ካለ እርሾው በቀላሉ የሚበላው ስኳር ይበዛና ቢራው ደረቅ ይሆናል፤ ወደ 69 ከፍ ካለ እርሾ የማይበላው ይተርፍና አፍ የሚሞላ ቢራ ይወጣል። ከዚያ ይጣራል፣ ክፍት ሆኖ ለአንድ ሰዓት ይፈላል። ሆፕሱ መጀመሪያ ሲገባ ምሬት ይሰጣል፣ መጨረሻ ሲገባ መዓዛ። መፍላት ሲጀምር አረፋው በድንገት ገንፍሎ እንዳይወጣ አንድ ሰው ከድስቱ ዓይኑን መንቀል የለበትም። ያንን ቦታ እኔ ጠይቄ ወስጃለሁ። አረፋው መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ሲወርድና ጭማቂው ወርቅ መስሎ ሲገላበጥ የብቅሉ ሽታ ልብስ ውስጥ ይገባል፤ ለሁለት ቀን አይለቅም።

ውድድሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ጠርሙሶቹ ጽሑፍ አይኖራቸውም፣ ቆርኪው ላይ ቁጥር ብቻ። ለአንደኛ ዋንጫ ይሰጥ የሚለው ሐሳብ አልፏል። እኔ ለእያንዳንዱ ጠማቂ ሁለት ዳኞች በእጃቸው የጻፉት ሙሉ አስተያየት ይድረሰው ብዬ ተከራክሬ ይህም ተጨምሯል። ዋንጫው አንድ ሰው ቤት ይገባል፤ አስተያየቱ ግን የሁሉንም ቀጣይ ቢራ ይለውጣል። ሲያሽጉ ስኳር ጨምረው የቢራውን ጋዝ ለሚፈጥሩ ደግሞ ማሳሰቢያ ወጥቷል፤ ለአንድ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም ይበቃል፣ ተብላልቶ ያላለቀ ቢራም አይታሸግ። ጠርሙስ ከፈነዳ ሰው ይጎዳል። መኪና የሚነዳ ዳኛ እንደማይኖርም ተወስኗል፤ ይህ ሳይነገር ቢታለፍ ኖሮ እኔው አነሳው ነበር።

ያከራከረን አንዱን ጥንስስ የምንከፍልባቸው የአራቱ ባልዲዎች ጉዳይ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ብቅሉ አንድ፣ ሆፕሱ አንድ፣ ውሃው አንድ፣ የሚለየው እርሾው ብቻ። ከእርሾ የሚመጣው የቱ እንደሆነ በዚህ ይለያል፤ መጽሐፍ መቶ ጊዜ ቢነበብ ይህን አያቀምስም። ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በ1883 ንጹሕ የቢራ እርሾ ከአንዲት ሕዋስ አራብቶ እስኪያወጣ ድረስ ጠማቂዎች ምን ምን እንደተቀላቀለ የማይታወቅ እርሾ ነበር የሚጠቀሙት። ቢራው ለምን ዛሬ አምሮ ነገ እንደሚበላሽ በእርግጠኝነት ማወቅ ይከብዳቸው ነበር። ፋብሪካው ያንን እርሾ ለራሱ ደብቆ አላስቀረውም፤ ለሌሎች ጠማቂዎችም አካፍሏል። ክበባችን ውስጥ አንዱ ከባልዲው ሥር የተረፈውን የእርሾ አተላ በንጹሕ ብልቃጥ ለሌላው ሲሰጥ ባየሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ሦስቱ እርሾዎች ያለ ክርክር አልፈዋል። አንዱ ጣዕም የማያበዛው ንጹሕ የአሜሪካ ኤል እርሾ ነው፤ ማነጻጸሪያ ይሆነናል። ሁለተኛው ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚለው የእንግሊዙ። ሦስተኛው ሙዝና ቅርንፉድ የሚያሸት የጀርመን የስንዴ ቢራ እርሾ። ሁሉም 18 እና 20 ዲግሪ መካከል ይሠራሉ። ጭማቂው ከውሃ አንጻር ያለው እፍጋት ሲጀምር 1.050 ቢለካና ሲያልቅ 1.010 ላይ ቢቆም የአልኮሉ መጠን 5.25 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ እርሾዎቹ ግን እኩል ቦታ ላይ ስለማይቆሙ የአራቱም የሃይድሮሜትር (የእፍጋት መለኪያ) ንባብ ጎን ለጎን ይጻፋል።

አራተኛው ላይ ተከፈልን። ግማሾቹ የላገር እርሾ ይሁን አሉ። የላገር እርሾ 10 ወይም 12 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ጊዜውም ይረዝማል፤ የቀሩት ሦስቱ ደርሰው ሲቀመሱ እሱ ገና ይሆናል። ሙቀቱም ስለሚለይ ያገኘነው ልዩነት ከእርሾው ይሁን ከቅዝቃዜው መለየት አንችልም። ስለዚህ እኔ ሳይሰን፣ የቤልጂየሙ ቢራ እርሾ ይሁን አልኩ። ሳይሰን እንዲያውም ከሌሎቹ ሞቅ ያለ ክፍል ይወዳል፤ ቅመም ያለው ደረቅ ቢራ ይሰጣል። ነገር ግን 20 ዲግሪ ላይ ከሦስቱ ጎን ልናስቀምጠው እንችላለን፣ ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል። አንጋፋው ግን የማይታለፍ ነገር አነሱ። ከሳይሰን እርሾዎች አንዳንዶቹ ሌላው እርሾ የማይበላውን የስታርች ቁርጥራጭ የሚፈታ ኢንዛይም አላቸው። ባልዲ ጭረት ወይም ቱቦ ውስጥ ተሸሽገው ከተረፉ በሚቀጥለው ሰው ቢራ ውስጥ ገብተው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሆነው መሥራት ይቀጥላሉ፤ ጋዙ ከልክ ያልፋል። «ለእናንተ አይደለም የምፈራው፣ ከእናንተ በኋላ ባልዲውን ለሚዋሰው ነው» አሉ።

ልክ ናቸው። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ አድሯል፤ እኔም ሐሳቤን አልተውኩም። አዲስ ባልዲ ከነቱቦው ከራሴ አመጣለሁ፤ በክዳኑም በጎኑም በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት ለሳይሰን ብቻ ይቀመጣል፣ ከክበቡ ዕቃዎች ጋርም አንድ መደርደሪያ ላይ አይውልም። ጠርሙሶቹም ወፈር ካሉት፣ ግፊት ከሚችሉት ይመረጣሉ። ነገ ለአንጋፋው ደውዬ ከስብሰባው በፊት ይህን አስረዳቸዋለሁ፤ እሳቸው ካመኑበት የቀሩት አይከብዱም።